የክራንቻዬ ቦታ

ጠዋት የክሊኒኩን በር ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ የሚቀበለኝ የቅርንፉድ ሽታ ነው። ሐኪሙ ከመምጣቱ፣ ወለሉም ከመወልወሉ በፊት፣ ተዘግቶ ባደረው ክፍል ውስጥ ታፍኖ የቆየው የቅርንፉድ ዘይት አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ታካሚ የተቀበልኩበትን ይህን የፒያሳ ክሊኒክ እረሳውና፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የእናቴን ቀሚስ ጫፍ ይዤ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ ራሴን አገኘዋለሁ። ቢቆይ አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ ስልኩ ይጮኻል፣ የዕለቱም ጥያቄ ይጀመራል።

ጥያቄዎቹን በቃሌ ከያዝኳቸው ቆይቷል። ሽቦው ሲታሰር ያማል ወይ? ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ ይቆያል? ልጄ አሥራ ስድስት ሞልቷታል፣ አላለፈባትም? የግድ ጥርስ መነቀል አለበት? በቆሎ መጋጥ ትችላለች? ሽቦው ሲወልቅ ጥርሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል? እኔም የመጀመሪያው ሳምንት እንደሚያምና ከዚያ እንደሚለመድ፣ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ለትልቅ ሰውም እንደሚሠራ፣ በቆሎው ግን ተፈልፍሎ እንደሚበላ እመልሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን መልሴ ከጥያቄው ይቀድማል። ሰዎች የተቆጣሁ ይመስላቸዋል፤ አልተቆጣሁም፣ ደክሞኝ ነው። አንዳንዶቹ መልሴን ሰምተው ሲያበቁ ዝም ብለው አፌን ያዩታል፤ ስናገር ከላይ በግራ በኩል አንድ ጥርስ የሚያህል ባዶ ቦታ ስለሚታይ፣ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ሴት እንዴት ይህን ሳታስሞላ ቀረች ብለው እየተገረሙ ነው። እስካሁን ደፍሮ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም ለዚህኛው የተዘጋጀ መልስ የለኝም።

ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች፤ ግድግዳዋ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ስለነበር፣ እነሱ ቤት ሰው ሲያስነጥስ እኛ ቤት «ይማርህ» እንል ነበር። አባዬ ፒያሳ ላይ ከአንድ ልብስ ቤት መግቢያ ጎን ባለች ጠባብ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ፣ የማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሰዓት ይሠራ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ስትመታ ውላ፣ ጣቶቿን እያሻሸች ትመጣና፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለጥቂት ጊዜ ግድግዳውን ታይ ነበር። እኔ ብቸኛ ልጃቸው ነበርኩ። ያ ዘመን ሁሉም ሰው የደከመው ዘመን ነበር፣ ቢያንስ እኔ የማስታውሰው እንደዚያ ነው፤ ከሥራ መልስ ስብሰባ፣ ከስብሰባ መልስ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ፣ እሑድ ደግሞ ሌላ ስብሰባ ነበር።

ክረምት ሲመጣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው፣ ሰው ከሰው ለመነጋገር እየጮኸ፣ ሰፈራችን የተጣላ ይመስል ነበር። የሰፈራችን ልጆች የወተት ጥርሳችን ሲወልቅ፣ ዝናቡ እስኪያባራልን ጠብቀን፣ ነጭ ጥርስ እንዲሰጠን እየለመንን ጣሪያ ላይ እንወረውረው ነበር። ጥርሱ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ የምትሰማውን ትንሽ ኳታ ለመስማት ሁላችንም ዝም እንል ነበር። እኔም እንደ ሌሎቹ ስወረውር ከርሜ፣ ከላይ በግራ በኩል ግን የምወረውረው ክራንቻ እንዳልነበረኝ ልብ አላልኩም። ይህን ልብ ያለችው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እኛ ስንወረውር ከቤት አትወጣም ነበር።

ትልልቆቹ ጥርሶቼ ሲበቅሉ ነገሩ አፈጠጠ። ክራንቻው ሊሆንበት በሚገባው ቦታ ምንም ስላልነበረ፣ ጎረቤቶቹ ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ተጋፍተው ገቡበት፤ የፊቶቹም ተከትለዋቸው ወደ ግራ ዘምመው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ቀረ። በዚያ ጊዜ ለስኳሩም ለሳሙናውም ሰልፍ ነበርና የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ስም ለማውጣት ብዙ አልተቸገሩም፤ «ሰልፍ አፍራሽ» አሉኝ። ስሙ እናታቸው ሱቅ ሰልፍ ላይ ስትልካቸው ሁሉ ትዝ እያላቸው፣ ከአፍንጮ በር እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ተከተለኝ። እኔም ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን ጀመርኩ፤ በኋላ ላይ ደግሞ እጄን ከማንሳት አለመሳቁ ይቀላል ብዬ ተውኩት። የትምህርት ቤት ፎቶ ስንነሳ ፎቶ አንሺው እንድስቅ ቢለምነኝ ቢለምነኝ ከንፈሬን ገጥሜ ቆምኩ። እናቴ ያንን ፎቶ ከሌሎቹ ጋር ግድግዳ ላይ አልሰቀለችውም፤ መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ አልፎ አልፎ አውጥታ ስታየው አገኛት ነበር።

በዚያው ክረምት የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ስለ ጎጂ ልማዶች ስብሰባ ጠራ። እናቴ ጽሑፍ ስታነብ ድምፅዋ የማይደናቀፍ በመሆኑ ከላይ የመጣ ወረቀት ሁሉ ለእሷ ይሰጥ ነበር፤ ያን ዕለትም ከፊት ቆማ እንጥል ስለ ማስቆረጥና ግግ ስለ ማስወጣት አነበበች። ግግ ማስወጣት ማለት፣ ሕፃን ልጅ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው፣ ክራንቻ ሊበቅልበት ያበጠውን ድዱን የበሽታው ምንጭ ነው ብሎ በመርፌ ወይም በሚስማር ፈልፍሎ፣ ገና ጥርስ ያልሆነችውን ነጭ ነገር ማውጣት ነው። እናቴ ይህ ልማድ ሕፃናትን እንደሚገድል፣ የተረፉትንም ጥርሳቸውን እንደሚያበላሽ፣ የሚያደርጉትም እናቶች በድንቁርና የተያዙ እንደሆኑ ከወረቀቱ ላይ አነበበች። ከጎኗ ተቀምጣ የነበረችው እዚያው ሰፈራችን የምትኖረው ነርስ ሲስተር አስቴር ነበረች። ሲጨበጨብ እኔ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ። እናቴ ግን ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ፣ ራሴን አሞኛል ብላ ወደ ቤት ሄደች።

ሲስተር አስቴር የታመመችውን ልትጠይቅ በማግስቱ ቤታችን መጣች። እኔን አየችኝ፣ አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችኝና፣ በምትሠራበት ሆስፒታል ከሶሻሊስት አገር የመጣ የተጣመመ ጥርስ የሚያቃና ሐኪም መኖሩን፣ ልጆችንም በነጻ እንደሚያይ ለእናቴ ነግራ፣ ጊዜው ሳያልፍ ብትወስጂያት ጥሩ ነው አለቻት። እናቴ እኔን አየችኝና፣ መስከረም ላይ እንወስዳታለን አለች።

መስከረም ላይ ሄድን። ሐኪሙ ረጅም፣ ከሲታ፣ እሱም የደከመው ሰው ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሲናገር ሲስተር አስቴር ወደ አማርኛ ትመልስ ነበር። ክፍሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ነበር። ትንሽ መስታወት አፌ ውስጥ ከቶ አየኝ፣ ድዴን በጣቱ ዳበሰኝ፣ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነገር አስነክሶ የጥርሴን ቅርጽ ወሰደ። ራጅ ማንሻው ማሽን አለ፣ ፊልም ግን ካለቀ ቆይቷል፣ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም ተባልን። ስለዚህ ሐኪሙ ፊልሙ ሊነግረው የሚገባውን ነገር ከእናቴ መጠየቅ ነበረበት። ሲስተር አስቴር ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለሰችላት፦

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ሕፃን እያለች ግግ ወጥቶላት ያውቃል ወይ ይላል። ለሁሉም የሚጠይቀው ነው።»

እናቴ እጄን ይዛኝ ነበር፤ ጣቶቿ ሲጠብቁብኝ አስታውሳለሁ።

«ኧረ በፍጹም» አለች። «ምን በወጣኝ።»

ሐኪሙ ጻፈ። እንደዚያ ከሆነ ክራንቻው ከላይ አጥንቱ ውስጥ አለ፣ ቦታ አጥቶ ነው፣ ቦታ ከከፈትንለት በራሱ ጊዜ ይወርዳል አለ። ባይኖር ኖሮ ሥራው ሌላ ይሆን ነበር፤ ቦታ መክፈት ሳይሆን የኋላዎቹን ጥርሶች ወደ ፊት ስቦ ክፍተቱን መዝጋት፣ የፊቶቹንም መልሶ ማቃናት ነው፤ እሱም ቢሆን ይቻል ነበር፣ ዓመት ተኩል ይበቃው ነበር አለ። እናቴ ይህን ሁሉ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች።

እናቴ ዋሽታ ነበር። ይህን ያወቅኩት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው፤ ግን ከአንባቢ ደብቆ ማቆየት ስለማይሆንልኝ አሁኑኑ ተናግሬዋለሁ። ግግ አስወጥታልኝ ነበር። ባለፈው ክረምት በሕዝብ ፊት ቆማ ድንቁርና ብላ ያነበበችውን ነገር፣ ከዚያ ወረቀት አሥር ዓመት በፊት በገዛ ልጇ ላይ አስደርጋ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጠያቂዋ ያን ዕለት ከጎኗ ተቀምጣ ያጨበጨበችው ሴት ነበረች። ቢሆንም ዋሽታ ዝም ማለቷ ብቻ አልነበረም። በልቧ ተስፋም አድርጋ ነበር፤ ያወጡልኝ አሮጊት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ሥሩን ስተውት፣ ትልቁ ጥርስ ተርፎ ይሆናል ብላ።

በኅዳር ሽቦው ደረሰ። ሽቦ እንበለው እንጂ የዛሬዎቹ ልጆች ጥርሳቸው ላይ የሚያስለጥፉት ዓይነት አልነበረም፤ የላንቃን ቅርጽ የያዘ፣ ድድ የሚመስል ቀለም ያለው ፕላስቲክ ሆኖ፣ ጥርስን የሚያቅፉ ቀጫጭን ሽቦዎች ከዳርና ዳሩ ወጥተውለት፣ መሐሉ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ በአንዲት ትንሽ ብሎን የተያያዘ ነገር ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ብሎኗ በቁልፍ ሩብ ዙር ስትዞር፣ ፕላስቲኩ ትንሽ ይከፈትና ጥርሶቹን ይገፋቸዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ምራቄ እየተዝረበረበ፣ «ሰ» ማለት እያቃተኝ፣ ሰናይት የሚለውን የራሴን ስም መጥራት አቅቶኝ ከረምኩ። ለመብላት አወጣውና በውሃ ብርጭቆ ውስጥ እናስቀምጠው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እያየነው ስለምንበላ አባዬ አራተኛው የቤተሰባችን አባል ይለው ነበር።

ቁልፉን የምታዞረው እናቴ ነበረች። እሑድ እሑድ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ስንመለስ ነጠላዋን አጣጥፋ ታስቀምጥና፣ ወደ መስኮቱ አዙራኝ፣ አፌን አስከፍታ፣ ቁልፏን ቀዳዳዋ ውስጥ ከታ ትገፋታለች። ስትገፋ የራሷን አፍ አብራ ትከፍት ነበር። ያኔ ጥርሴ ሁሉ በአንድ ጊዜ ውጥር ሲል ዓይኔ እንባ ያቀርር ነበር፣ ግንባሬም ድረስ ይሰማኝ ነበር።

«አመመሽ?» ትለኝ ነበር፣ ሁልጊዜ፣ በዚያች በአንዲት ቃል።

«አላመመኝም» እላት ነበር። ለምን እንዲያ እንደምላት አላውቅም፤ ፊቷን ሳየው ሌላ መልስ አይመጣልኝም ነበር።

የሁዳዴ ጾም ሲገባ ሌላ ጭንቅ መጣ። በፋሲካ ሰሞን ልቆርብ ስለነበር፣ ፕላስቲክና ብረት በአፏ የያዘች ልጅ ቅዱስ ቁርባን መቀበል ትችላለች ወይ የሚለው እናቴን እንቅልፍ ነሳት። ሐኪሙን እንድትጠይቅላት ለሲስተር አስቴር ብትነግራት፣ ሲስተር ስቃ ይሄን እሱም አይመልሰውም አለቻት። ስለዚህ ነገርየውን በመሐረብ ጠቅልላ ለንስሐ አባታችን ወሰደችላቸው። አባ መሐረቡን ፈትተው፣ ከፍና ዝቅ አድርገው፣ በብርሃን አይተው፣ ብሎኗንም በጥፍራቸው ነካክተው ሲያበቁ፣ ከቅዳሴ በፊት እንዲወጣ፣ ጠበሉን ከጠጣሁ በኋላ እንዲመለስ ወሰኑ። ከዚያ እናቴን አዩና ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለሽ ወይ አሏት፣ እንደ ልማዳቸው። እናቴ ምንም የለም አለች። ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ በጾም ሽቦ ስለ ማሳሰር ሲጠይቁኝ የእኒያ አባት ጥፍር ትዝ ይለኛል።

ቁልፉ የጠፋው የፋሲካ ጽዳት ሰሞን ነው። ቤቱን ገልብጠን ብንፈልግ አላገኘነውም፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ሌላ እንደሌለው አስታወቀን። እናቴ አንድ ሳምንት ባለፈ ቁጥር ሰው የሞተባት ትመስል ስለነበር፣ አባዬ ፕላስቲኩን በመሐረብ ይዞት ሄደና፣ የማጉያ መነጽሩን ሰክቶ ቀዳዳዋን ለክቶ፣ ከአንድ የተበላሸ ሰዓት ሽቦ ሞርዶ ቁልፍ ሠራላት። ማታ እራት ላይ ሲሰጣት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። እኔ ጓዳ ውስጥ ሳህን ሳጥብ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ጥሩወርቅ፣ ለሐኪሙ ነግረሽዋል?» አላት አባዬ፣ በቀስታ።

«ሥሩ ቀርቶ ከሆነስ?» አለችው። «ቀርቶ ከሆነ ምን ብዬ አዋርዳለሁ ራሴን?»

ምን እንደተባባሉ አልገባኝም፤ ሥር ሲባል የአንድ ተክል ነገር መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ግን አባዬ ከሥራ ሲመለስ አፌን እንድከፍት እየጠየቀ፣ በማጉያ መነጽሩ ድዴን ለረጅም ጊዜ ያይ ጀመር።

ዓመቱ ዞረ። ቦታው በእርግጥ ተከፈተ፤ በግራ በኩል የተጋፉት ጥርሶቼ ቀስ በቀስ እየተላቀቁ፣ መሐላቸው አንድ ክራንቻ በትክክል የሚቆምበት ባዶ ስፍራ ወጣ። ሐኪሙ በየወሩ ሲያየኝ ቦታውን በትንሽ መለኪያ ለክቶ ደስ ይለው፣ ድዴን ሲዳብስ ደግሞ ግንባሩን ያኮማትር ነበር። እናቴ ጠዋት ከሥራ በፊት በባትሪ መብራት ታየኝ ጀመር። ድዱ ነጣ አላለም? አላበጠም? እዚህ ጋ ምን ይሰማሻል? እኔም የምትፈልገው መልስ ገብቶኝ፣ የሆነ ነገር ጠንከር ብሎ ይሰማኛል እላት ነበር። እውነቱን ለመናገር በኋላ በኋላ እኔም ይሰማኝ ጀምሮ ነበር፤ በምላሴ ቦታውን ስነካው ከሥር አንድ ነገር ወደ ታች የሚገፋ ይመስለኝ ነበር። ልጆቹ ሰልፍ አፍራሽ ማለቱን ትተው ወላቃ ሲሉኝ ግድ አልነበረኝም፣ ሊመጣ ነዋ። ከላይ ሲወርድ በእጄ ሳልሸፍን እስቃለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ለዚያ ሳቅ አንድ ቀልድ እንኳ መርጬ አስቀምጬ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት ሳምንት፣ የራጅ ፊልም መጣ ተባለ። ሐኪሙ አንስቶኝ ሲያበቃ ፊልሙን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ በእርሳሱ ጫፍ ጥርሶቼን አንድ በአንድ ቆጠረልን። በቀኝ በኩል ክራንቻው ሥሩን ይዞ ቆሟል። በግራ በኩል እርሳሱ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ከዚያም ቆመ። ምንም አልነበረም። ደመናማ ነገር ብቻ ነበር።

ሐኪሙ እርሳሱን አስቀምጦ ጥያቄውን ደገመው። ሲስተር አስቴር አልተረጎመችውም፣ እናቴን ብቻ አየቻት፤ ሁላችንም ጥያቄው ምን እንደሆነ እናውቅ ነበር። እናቴ ፊልሙን እያየች «አልተነካችም» አለች፣ ድምፅዋ ወረቀት ስታነብ እንደሚወጣው ድምፅ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ። ሲስተር አስቴር ወደ ሐኪሙ ዞራ አጭር ነገር ተናገረች። እሱም አንዳንድ ልጅ ያለዚያ ጥርስ ይፈጠራል ብሎ ጻፈ። ከዚያ የአገልግሎት ጊዜው በሚቀጥለው ወር እንደሚያልቅ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሰው መኖሩን እንደማያውቅ፣ አሁን ክፍተቱን መዝጋት ለመጀመር ጊዜ እንደሌለ ነገረን። ያ ዓመት ከምናምን ቢኖረኝ ኖሮ አለ፣ ወደ ካርዱ እያየ። ለማንም ብሎ የተናገረው አልነበረም።

ስንመለስ ጊዮርጊስ ግቢ ገባን። እናቴ አልተሳለመችም፤ ከአጥሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ ተቀመጠችና፣ ካፊያው እየመታት ነገረችኝ። የስምንት ወር ልጅ እያለሁ ለሦስት ቀን ያስቀምጠኝና ያተኩሰኝ እንደነበር፣ ጊዜው ሰው ከቤቱ መውጣት የሚፈራበት፣ መንገድ ላይ ተኩስ የሚሰማበት ጊዜ እንደነበር፣ አባዬ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ መመለስ እንዳልቻለ፣ በአጥር በኩል ሊደርሱላት የቻሉት አንዲት የሰፈር አሮጊት ብቻ እንደነበሩ ነገረችኝ።

«ትሞችብኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ደም በደም ሆነሽ ተኛሽልኝ፤ በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቀሽ። እኔም ዳነችልኝ ብዬ አሮጊቷን እግራቸውን ሳምኩ።»

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። መናደድ የነበረብኝ ይመስለኛል፤ ያቺን መርጬ ያስቀመጥኳትን ቀልድ እያሰብኩ ተናድጄም ነበር። የጠየቅኳት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለምን በየእሑዱ ቁልፉን ታዞሪው ነበር አልኳት። ይመጣል ብዬ ነዋ፣ አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አንስታ ጭንቅላቴ ላይ ጣል አደረገችልኝና ወደ ቤት ሄድን።

ሐኪሙ አገሩ ገባ። እሱን የተካ አልመጣም፤ ብዙም ሳይቆይ መንግሥቱም ተለወጠና የጥርሴ ጉዳይ የማንም ጉዳይ አልሆነም። ፕላስቲኩን አፌ ውስጥ ማድረግ ሳቆም የፊት ጥርሶቼ ተመልሰው ትንሽ ዘመሙ፣ ክፍተቱ ግን እንደተከፈተ ቀረ። ሲስተር አስቴር እስክትሞት ድረስ ከእናቴ ጋር ሰላምታ አላቋረጠችም፣ ስለ ጥርስ ግን አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አባዬ የሠራው ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ከዚያ ከንፈሬን ከገጠምኩበት ፎቶ ጋር ነበር፤ ቤታችን ሲፈርስ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ።

አሁን የምንኖረው ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። አባዬ የለም። እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው፣ የራሷ ጥርስ አልቆ ሰው ሠራሽ አስገብቼላታለሁ፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል አውጥታ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ እኔም ብርጭቆውን ባየሁ ቁጥር አራተኛው የቤተሰባችን አባል እላለሁ፣ ለራሴ። የእኔን ክፍተት ማስሞላት ለእኔ የአንድ ወር ሥራ ነው፤ የክሊኒካችን ሐኪም ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ፣ ከዚያም የማልፈልግ ሆኜ ቀረሁ። እናቴ ፊት አስሞልቼው ብመጣ፣ በእሷ የተበላሸ ነገር እንደነበር የምነግራት እየመሰለኝ ይሆናል።

ባለፈው እሑድ ምሳ በልተን ስናበቃ፣ ጥርሷን ከማውጣቷ በፊት ለረጅም ጊዜ አፌን ስታይ ቆየችና ጠየቀችኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያላነሳችውን ነገር፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ።

«ሰኒ፣ ያኔ ለሐኪሙ እውነቱን ብነግረው ኖሮ ይቃናልሽ ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ለስንቱ እናት በስልክ፣ በመስኮት፣ ፊት ለፊት የመለስኩት ነው። ሐኪሙ ራሱ ገና መጀመሪያ ዕለት ነግሮን ነበር፤ ለማይመጣ ጥርስ ቦታ ሲከፈት ያለፈው ጊዜ ክፍተቱን ለመዝጋት ይበቃ ነበር። ይቃናልኝ ነበር።

«አይ እማዬ» አልኳት። «ያኔ በነበረው ነገር ምንም አይለወጥም ነበር።»

ዓይኗን ከአፌ ላይ ሳታነሳ ጥርሷን አውጥታ ብርጭቆው ውስጥ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብርድ ልብሱን ሳለብሳት ትንፋሿ ወዲያው ረዘመ። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ፣ ምላሴን ባዶው ቦታ ላይ አድርጌ፣ እነዚያን እሑዶች አሰብኩ። ያኔ በመስኮቱ ብርሃን አፌን አስከፍታ ቁልፏን ስታዞር አመመሽ ትለኝ ነበር፣ እኔም አላመመኝም እላት ነበር። ዛሬም ያልኳት ያንኑ ነው።